1644 ዓ.ም. ከሀብሩ ሲነበብ

በ1644 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ቅዳሜ ዋለ። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የተማረ የሀብሩ ወይም የወልድያ መሪጌታ ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1644 ላይ 5500 ደምሮ 7144 ያገኛል፤ ለአራት ሲገድፈው ቀሪ የለም፤ ስለዚህ ዮሐንስ ነው ይላል። ወንበሩን 18፣ አበቅቴውን 18፣ መጥቅዑን 12 ያወጣና ነነዌን የካቲት 14፣ የዐቢይ ጾምን መግቢያ የካቲት 28፣ ትንሣኤን ሚያዝያ 23 ላይ ያሳርፋል። በዚያ ዓመት ፋሲካና የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በአንድ ቀን ዋሉ ማለት ነው።

ቀኑን እንዲህ አጥርቶ የሚቆጥር አገር፣ በዚያ ቀን ማን ተወለደ፣ ማን አረፈ፣ ምን ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ድምፁ ይቀንሳል። የእኛ 1644 በፈረንጆቹ ከ1651 መስከረም እስከ 1652 መስከረም ያለው ጊዜ ነው። 1652 በዓለም የታሪክ መዘርዝሮች ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። የጦርነቱ፣ የንግሡ፣ የግኝቱ፣ የልደቱና የሞቱ ቀን ተደርድሯል። ለንደን አለች፣ ፓሪስ አለች፣ ቤጂንግ አለች። ወልድያ፣ መርሳ፣ ሀብሩ የሉም። ጎንደርም ቢሆን ከስንት አንዴ ነው የምትነሣው።

ይህ ዳሰሳ የዚያን ዓመት ዓለም ሀብሩና ወልድያ ካሉበት ከዚህ ከየጁ ምድር ሆኖ ለማየት የሚሞክር ነው። ስማችን ከዝርዝሩ የጠፋው ምንም ስላልሆነ ነው የሚለውን ግምት አልቀበልም። ከዓመቱ ትላልቅ ድርጊቶች አንዱን የፈጸመው የወሎ ልጅ ነው። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ዓለሙን እንቃኝ።

ዓለም በዚያ ዓመት

ከዓመቱ ድርጊቶች ሁሉ መዘዙ የረዘመው ሚያዝያ 1 ቀን የሆነው ይመስለኛል። በዚያ ቀን፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 6 ቀን 1652 መሆኑ ነው፣ ያን ፋን ሪቤክ የተባለ የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም መርከቦቹን ይዞ አፍሪካ ጫፍ ላይ፣ ዛሬ ኬፕ ታውን ባለችበት ወደብ፣ መልሕቅ ጣለ። የተላከው አገር እንዲይዝ አልነበረም። ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚመላለሱ መርከበኞች ንጹሕ ውኃ፣ አትክልትና ሥጋ የሚያገኙበት ማረፊያ እንዲያዘጋጅ ነበር። የአትክልት ቦታው እርሻ ሆነ፣ እርሻው ሰፈራ ሆነ፣ ሰፈራው የኮይኮይ ሕዝብ ከብቱን የሚያሰማራበትን ምድር እየገፋ ሄደ። ልክ ሦስት መቶ ዓመት ሲሞላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1952፣ የአፓርታይድ መንግሥት በዓሉን በድምቀት ሲያከብር የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ በዚያው ቀን ሕዝቡን ለተቃውሞ ሰልፍ ጠራ። ስለ አንዲት የዓመት ቀን ትርጉም ሁለት ወገን እንዲህ ሲከራከር ማየት ለእኛም ትምህርት አለው።

መርከቦቹ በደረሱ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ሚያዝያ 3፣ በብሪታንያ ደሴቶች ላይ ፀሐይ ጨለመች። እንግሊዞች ቀኑን ጥቁር ሰኞ አሉት። ንጉሣቸውን ቻርልስ አንደኛን አንገቱን ከቆረጡ ገና ሦስት ዓመታቸው ስለነበር፣ የፀሐይዋን መጨለም ከመዓት ያገናኙት ጥቂቶች አልነበሩም። በዚያው ዓመት ከሆላንዶች ጋር የባሕር ጦርነት ገጠሙ። ምክንያቱ ንግድ ነበር፤ ዕቃ በማን መርከብ ይጫን፣ በባሕር ላይ ባንዲራውን ማን ለማን ዝቅ ያድርግ የሚል።

በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ ፓስኳ ሮዜ የተባለ ሰው በኮርንሂል ሰፈር አንድ ጠባብ መንገድ ላይ የከተማዋን የመጀመሪያ ቡና ቤት ከፈተ። ለእኛ አንባቢ ይህን ዜና አልፌው መሄድ አልችልም። ቡናው የሚጫነው ከየመን፣ ከሞካ ወደብ ነበር፤ ዘሩ ግን ከቀይ ባሕር ወዲህ ማዶ የበቀለ ነው። ለንደኖች በቡና ቤታቸው ጋዜጣ ማንበብ፣ መከራከር፣ መዋዋል ጀመሩ። ስሙ በዓለም የታወቀው የሎይድ የመርከብ ኢንሹራንስም ከአንድ ቡና ቤት ነው የወጣው። የእኛ ደጋ ክርስቲያን ደግሞ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ሲጠየፈው ቆይቷል። ዛሬ ወሎ ላይ ቡና ያለ ዱአ አይጠጣም፤ አቦሉ ሲወርድ የሚመርቀው ሽማግሌ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ሊሆን ይችላል። ስለ ዓለም ታሪክ ሲወራ ቡና የእንግሊዝ ቤቶች ታሪክ ሆኖ መቅረቡ አያስደስተኝም፤ የለንደኑን በር ከፋች የጻፈ ሁሉ የፍሬውን አገርም መጻፍ ነበረበት።

ሌላው ዓለምም ሰላም አልነበረውም። ፈረንሳይ ውስጥ መኳንንቱ በሕፃኑ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ላይ ያነሡት ዐመፅ ፓሪስን የጦር ሜዳ ካደረጋት በኋላ፣ ንጉሡ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1652 ወደ ከተማዋ ተመለሰ። ፖላንድ ውስጥ አንድ የምክር ቤት አባል ብቻውን "አልስማማም" ብሎ የጉባኤውን ሥራ አፈረሰ፤ ይህ ልማድ ሆኖ በስተኋላ አገሪቱን ሽባ አደረጋት። ሕንድ ላይ የሻህ ጃሃን ልጅ አውራንግዜብ ቀንደሃርን ከፋርሶች ለማስለቀቅ ከበባት፣ አልቻላትም። አምስተኛው ዳላይ ላማ የቻይናን ንጉሠ ነገሥት ሊያገኝ ከቲቤት ተነሣ። ኦማኖች ሙስካትን ከፖርቱጋሎች ባስለቀቁ በሁለተኛው ዓመት ዛንዚባር ድረስ ዘልቀው ወጉ። የፖርቱጋል ኃይል በሕንድ ውቅያኖስ መድከሙ ለኢትዮጵያ ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጠመንጃ ይዞ የመጣው፣ በ17ኛው ደግሞ ሃይማኖት ሊያስለውጥ የሞከረው ያው ኃይል ነውና።

የተወለዱት

የዓመቱ የልደት ዝርዝር በአብዛኛው የአውሮፓ ሰዎች ስም ነው። ሚያዝያ 16 ቀን ፈረንሳይ ውስጥ አምበር በምትባል ከተማ ሚሼል ሮል ተወለደ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካልኩለስ ሲማር ስሙን ያገኘዋል፤ የሮል ቲዎረም የእሱ ነው። ግንቦት 22 ቀን ሃይደልበርግ ላይ ሊዘሎተ የምትባለው ልዕልት ኤልሳቤጥ ሻርሎተ ተወለደች። የሉዊ 14ኛን ወንድም አግብታ በቬርሳይ ስትኖር የጻፈቻቸው በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች የዚያን ቤተ መንግሥት ጓዳ ጎድጓዳ ዛሬም ያሳዩናል።

እነዚህን ሰዎች በተወለዱበት ቀን የምናውቃቸው ከሌላው ሕዝብ በልጠው ስለተወለዱ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስለነበረ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1539 የተጠመቀውን፣ እንግሊዝ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ በ1538 የተጠመቀውን፣ ያገባውንና የተቀበረውን ሁሉ፣ ቄሶች በመዝገብ እንዲጽፉ በሕግ አዘዙ። ወራሽ የሚጣራው በዚያ መዝገብ ነበር። ሮል ሲወለድ የሱቅ ሰው ልጅ እንጂ ሊቅ አልነበረም፤ መዝገቡ ግን ሊቅም ሞኝም ሳይል ይጽፍ ነበር።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣል። ስሙ በቃል ይያዛል፣ ቀኑም በታቦት ይታወቃል፤ "የሚካኤል ለት"፣ "የጊዮርጊስ ማግሥት" እየተባለ። ዓመቱ ደግሞ በዘመቻ፣ በረሃብ፣ በበሽታ፣ በንጉሥ ለውጥ ይታሰባል። ሙስሊሙም እንዲሁ በመውሊድና በረመዳን፣ በሼኹ ዚያራ ይቆጥራል። ይህ አቆጣጠር እናቱ በሕይወት እስካለች ድረስ ለአንድ ሰው በቂ ነው። ከሦስት ትውልድ በኋላ ግን ለታሪክ የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው። የተጻፈው ማስታወሻችን የሚያዘነብለውም ወደ ዕረፍት ነው። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ያረፈችበትን ኅዳር 17ን በክብር ይዟል፤ በተዝካሯ ቀን የሚዘከረው እሱ ስለሆነ። ብሔራዊ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። ከ1644 እስከዚያ 364 ዓመት አለ። በዓለም ዝርዝር ላይ የልደት ቀናችን ያልተጻፈው በዚህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አገራችን በዚያ ዓመት

1644 ዐፄ ፋሲለደስ ከነገሡ 20ኛው ዓመት ነው። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡን ሊያስቀብሉ ሲሞክሩ ከተነሡባቸው ዐመፆች ብርቱው የላስታው ነበር። መልክአ ክርስቶስ የተባለውን መሪ የላስታ ገበሬ ተከትሎ፣ ተራራውን ይዞ፣ የንጉሡን ሠራዊት ደጋግሞ መለሰ። በ1624 ዓ.ም. ሰኔ ወር በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ሱስንዮስ አሸነፉ፤ የወደቀውን ወገን ሕዝብ ሲያዩ ግን የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። የአገሪቱን ሃይማኖታዊ ዕጣ የወሰነው ያ ትግል ዛሬ ሰሜን ወሎ ከምንለው ተራራ ላይ የተነሣ ነው። ይህን የመማሪያ መጻሕፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልፉት አዝናለሁ።

ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ መናገሻቸውንም ጎንደር ላይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ በሯን ዘጋች የሚል አባባል ከአውሮፓ መጻሕፍት ወደ እኛም መጻሕፍት ገብቷል። ይህ ፍርድ ሚዛኑን የሳተ ነው። በሩ የተዘጋው ለአንድ ወገን ብቻ ነበር። ንጉሡ ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ፓሻዎች ጋር ተስማምተው የካቶሊክ ቄስ እንዳያልፍ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1648 ሦስት የካፑቺን መነኮሳት ሱዋኪን ላይ አንገታቸው ተቆርጧል። ድርጊቱ ጭካኔ ነበር፤ ከፖለቲካው ነጥሎ ማየት ግን አይቻልም። በዚያው ዓመት ደግሞ የየመኑ ኢማም የአል ሙተወኪል ኢስማዒል መልእክተኛ አል ሐይሚ ከበይሉል ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጎንደር ገባ። ፋሲለደስ የፈለጉት በቱርክ እጅ ያልሆነ የንግድ መንገድ ነበር፤ ኢማሙ ደግሞ ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነብሉ ይሆን ብለው ነበር። ሁለቱም የፈለጉትን አላገኙም፤ አል ሐይሚ ግን የጉዞውን ታሪክ ጽፎ ትቶልናል። ትንሽ ቆይቶም የፋሲለደስ መልእክተኛ፣ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ፣ ስጦታ ይዞ ዴልሂ አውራንግዜብ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዷል። በሩን የዘጋ አገር ዴልሂ አይልክም።

ዛሬ ወልድያና መርሳ ያሉበት ምድር በቀድሞ መጻሕፍት አንጎት ከሚባለው ግዛት ጋር የተያያዘ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአንጎት አድርጎ ወደ ሐይቅ ሲወርድ ስላየው አገር ጽፏል። ከእሱ በኋላ የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ፤ ቀጥሎም አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም. ገደማ የመዘገበው የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ። አውራጃው ወሎ የተባለው ከዚሁ ሕዝብ በአንዱ ጎሣ ስም ነው። በ1644 እንግዲህ ይህ ምድር ሰው ከሰው፣ ቋንቋ ከቋንቋ፣ ሃይማኖት ከሃይማኖት እየተጋባ አዲስ ሕዝብ የሚሆንበት ጊዜ ላይ ነበር። ውጤቱ ከ130 ዓመት በኋላ ታየ። ከ1776 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከየጁ የተነሡት ወረሼኾች፣ ከራስ አሊ ትልቁ እስከ ራስ አሊ ትንሹ፣ ጎንደርን በእንደራሴነት ገዙ፤ እስከ 1845ቱ የአይሻል ጦርነት ድረስ። እነዚህን ሰዎች ያበቀለው መጋባት በየትኛው ዓመት በየትኛው ቤት እንደተጀመረ የሚናገር የመዝገብ ገጽ ቢኖር፣ ለእኔ ከሃይደልበርጓ ልዕልት ልደት የበለጠ ዋጋ በነበረው።

የመካነ ሥላሴው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1644 ክረምት፣ ጀርመን ውስጥ ጎታ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ገና ተሠርቶ ባላለቀው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት፣ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከአንድ ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተቀምጦ ግእዝና አማርኛ ያስተምር ነበር። መነኩሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው። አገሩ መካነ ሥላሴ፣ ያኔ አምሐራ ይባል ከነበረው ግዛት፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ ከምንለው ምድር ነው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ አስጀምረው ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቅ የተጌጠ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ1531 እ.ኤ.አ. በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ። ጎርጎርዮስ ያደገው በዚያ ታላቅ ስም ጥላ ሥር ነው።

ተማሪው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ ያኔ 28 ዓመቱ። የኤርፉርት ልጅ ሲሆን፣ ግእዝን ያለ አስተማሪ ከመጻሕፍት ለመማር የታገለ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 ለስዊድን ንግሥት ክርስቲና ሰነድ ፍለጋ ሮም ሲሄድ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ቤት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ጎርጎርዮስን አገኘው። ያ ቤት ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ ያሳተመበት ነው። ጎርጎርዮስ ሮም የደረሰው ኢየሱሳውያን ከአገር ሲወጡ አብሯቸው ወጥቶ፣ በሕንድ ጎዋ አድርጎ ነበር። ሁለቱ መጀመሪያ የሚግባቡት በጣሊያንኛ፣ አንቶንዮ ዳንድራዴ በሚባል ከፖርቱጋልና ከኢትዮጵያ በተወለደ ሰው አስተርጓሚነት ነበር። ኋላ ራሱ ግእዙ መግባቢያቸው ሆነ።

የጎታው መስፍን ኤርንስት ይህን ሲሰማ መነኩሴውን አስጠራው። ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥቶ፣ የአልፕስን ተራሮች አቋርጦ ደረሰ። ያ አገር ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ጀርመንን የበላው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ጦርነቱ የተነሣው በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል ነበር። ጎርጎርዮስም በአገሩ በሃይማኖት ሰበብ ወንድም ወንድሙን ሲገድል አይቶ የተሰደደ ሰው ነው። ኤርንስት ደግሞ በጦርነቱ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1642፣ በግዛቱ ያለ ሕፃን ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገባ ያዘዘ ገዢ ነበር። በዚያ ክረምት ጎታ ላይ የተገናኙት በአንድ ዓይነት ቁስል ያለፉ ሰዎች ናቸው ብል አልሳሳትም።

ለጎርጎርዮስ የቀረበለት ጥያቄ ብዙ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችሁ ስለ ምሥጢራት ምን ታምናለች? ንጉሡ እንዴት ይነግሣል? አገሩ ምን ያበቅላል፣ ምን እንስሳ አለ? ወንዙ ከየት ይነሣል? ሲመልስ ይጻፋል፣ ሉዶልፍም ያመሳክራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በግእዝ ደብዳቤ መጻጻፍ ቀጠሉ። ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ እስክንድሮን አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ሞተ።

ፍሬው ግን ቀረ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1691 የታሪኩን ሰፊ ማብራሪያ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። የጎርጎርዮስ መልክ ተቀርጾ ለሕትመት የበቃው በማብራሪያው ላይ ነው። በዓለም ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው እንግዲህ ምንጩ የአንድ የአምሐራ ሰው አፍ ነው፤ አገሩ በዛሬ ካርታ ወሎ ውስጥ የሚውል።

ስለዚህ ሥራ የተጻፈው ሁሉ ሉዶልፍን የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይለዋል። ተገቢ ክብር ነው፤ ዕድሜውን የሰጠበት ነውና። ጎርጎርዮስን ግን "መረጃ ሰጪ" ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። መረጃ ሰጪ የሚባለው ሲጠየቅ የሚመልስ ነው። ጎርጎርዮስ አስተማረ፣ አረመ፣ ጻፈ። በቅኔ ቤት ሥርዓት ብናየው መምህሩ እሱ፣ ደቀ መዝሙሩ ሉዶልፍ ነው። ራሱ ሉዶልፍም ስለ እሱ በምስጋና ጽፏል፤ የዘነጉት ከሱ በኋላ የመጡት ናቸው፣ እኛም ጭምር። በቅርቡ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ጎርጎርዮስን የጥናቱ አብሮ መሥራች አድርገው መጥራት መጀመራቸው ደስ ያሰኛል።

የኬፕ ታውኑን ወደብና የጎታውን ክረምት አብሬ ሳያቸው የዓመቱ ሚዛን ይገለጥልኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በጥቂት ወራት ልዩነት፣ አፍሪካና አውሮፓ በሁለት ቦታ ተገናኙ። አንዱ ጋ የመጣው ሰው መሬት ያዘ፤ ሌላው ጋ የሄደው ሰው ትምህርት ሰጠ። የዓለም መዘርዝር የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ይጽፈዋል፣ ሁለተኛውን ይረሳዋል። ለወሎ ልጅ ሁለተኛው መቅደም አለበት።

ያለን ነገር

መዝገብ አልነበረንም ማለት ጽሑፍ አልነበረንም ማለት አይደለም። ከመርሳ በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ ሲኬድ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያሠሩትን ወንጌል ጠብቆ አቆይቷል። በዚያ ወንጌል ላይ አባታችን ለገዳሙ የሰጡት መጻሕፍት ዝርዝር አለ። የመሬት ጉልት፣ የዕቃ ስጦታ፣ የሹመት ቀን፣ የሰው ስም፣ ሁሉም በወንጌልና በተአምረ ማርያም ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ የሚጻፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ዘመኑ በወንጌላዊና በንጉሥ ይነገራል፤ "በዘመነ ዮሐንስ፣ በእገሌ ንጉሥ በእገሌ ዓመት" ተብሎ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ያንን ወደ ቁርጥ ዓመት ይለውጠዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ብዙ ሺህ መጻሕፍትን ያነሣው በዚህ ተስፋ ነው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን የሰጡት ካታሎጉን ለማዘጋጀት ነበር። የሐይቁ ወንጌልም ከተነሡት አንዱ ነው፤ ቁጥሩ 1832።

ከሙስሊሙ ወገንም እንዲሁ። በየጁ ምድር ዳና ላይ ያሉት የዕውቀት ቤቶች፣ በዓረብኛና በአጀሚ (በዓረብኛ ፊደል፣ በአገር ቋንቋ) የተጻፉ ኪታቦች፣ የመንዙማ ደብተሮች፣ የሼኾቹ የዕውቀት ሐረግ፣ ማን ከማን እንደ ተማረ በስም የሚቆጥሩ ናቸው። ከ1644 በኋላ ያለው የአካባቢው ታሪክ አንድ ክንፉ እዚያ ነው ያለው። ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ መዝግቦ ይህን የሚተው ዳሰሳ የየጁን ግማሽ ብቻ ያያል።

ጊዜው ግን እየጠበበ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተዘረፈ፤ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ ቢሮዎች ባዷቸውን ቀሩ። በዚያ ጊዜ የጠፋ መዝገብ፣ የተቀደደ ደብተር፣ ተሸጦ ያለፈ ብራና ዳግም አይገኝም። ብራናን ከዘመቻ ይልቅ በቀስታ የሚያጠፋው ደግሞ እርጥበቱ፣ አይጡና ምስጡ፣ ሌሊት መጥቶ "እንግዛችሁ" የሚለው ነጋዴም ጭምር ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በሀብሩ፣ በጉባ ላፍቶ፣ በወልድያ፣ በመርሳና በውርጌሳ ያላችሁ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ የመድረሳ አስተማሪዎች፣ የታሪክ መምህራን፤ በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ ጠርዝና ባዶ ገጽ ፎቶ አንሡ። ከፎቶው ጋር የመጽሐፉን ስም፣ የቦታውን ስም፣ ያነሣችሁበትን ቀን ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ሌላውን ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስጡ፤ መጽሐፉ ግን ከቦታው አይነሣ። ዩኒቨርሲቲውም ከንባብ አዳራሾቹ አንዱን በአባ ጎርጎርዮስ ስም ቢጠራ ለተማሪው መልካም ነው።